ስለ ደንና ስለ አፈር የሚሰጥ የምርጫ ቃል በነጋዴ ሚዛን

ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተወሰደ ጥናት

«አካባቢ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሸክም ተሸክሟል። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ «የአካባቢ ምርጫ» ይባላል፤ ደንን፣ አፈርንና ውሃን ከጥፋት መጠበቅም «የአካባቢ ጥበቃ» ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ አንድ ባለሱቅ በገበያ ቀን ሲሰማ፣ ሌሊት ሱቁን ስለሚጠብቀው ዘበኛ የተነገረ መስሎት ቢደሰት አይፈረድበትም። ቃሉ ሰፊ ስለ ሆነ ለምርጫ ንግግር ይመቻል።

ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ችግኝ እንተክላለን፣ ደናችንን እንጠብቃለን ይላል። ይህን የሚቃወም ተወዳዳሪ ተፈልጎም አይገኝ። ሁሉም የሚስማማበት ቃል ደግሞ ለመራጩ ማማረጫ አይሆነውም። የተወዳዳሪዎቹ ልዩነት ያለው ከቃሉ ሥር ነው፤ ይኸውም የሚከለለው የማን ግጦሽ ነው፣ የሚቀረው የማን ማገዶ ነው፣ ወጪውንስ የሚከፍለው ማን ነው በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። ነጋዴ ዋጋው ያልተነገረውን ዕቃ እንደማይረከብ ሁሉ፣ ዋጋው ያልተነገረውንም የምርጫ ቃል እንዲሁ በጥንቃቄ ሊመለከተው ይገባዋል።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ሥልጣኑ በማን እጅ እንዳለ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል። በአንቀጽ 51 ስለ መሬትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጥና፣ በአንቀጽ 52 ማስተዳደሩን ለክልሎች ይተዋል። ወረዳና ቀበሌ ደግሞ የሚሠሩት ከክልሉ በተሰጣቸው ልክ ነው። ስለዚህ ለወረዳ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የክልሉን ፓርክ አፈርሳለሁ ወይም አሰፋዋለሁ ብሎ ቃል ቢገባ፣ በመጋዘኑ የሌለውን ሸቀጥ እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

ይህ ማለት ግን ወረዳው ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። የዓመቱን በጀት የሚያጸድቀው፣ የግብርናውን ጽሕፈት ቤት ዕቅድ የሚመረምረው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የትኛው ተዳፋት ከከብት እንደሚከለል፣ የተከለለውም ሣር መቼና በማን እንደሚታጨድ፣ በበጋ ለእርከን ሥራ ሕዝቡ የት እንደሚወጣ የሚወሰነው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ነው። የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበትም ቦታ የሚመረጠው በቅርብ ሰዎች ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የደን ባለቤትነትን በአራት ይከፍለዋል፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ። ስለ ደን የሚናገር ተወዳዳሪ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ መልሱ ጉዳዩን ጠንቅቆ ያውቀው እንደ ሆነ ወዲያው ይገልጣል። ሌላም ብዙ ሰው የማይጠቅሰው ቃል በአንቀጽ 92 ይገኛል፤ ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሆነ ሲፈጸም ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጠዋል። «ሕዝብ» የተባለው ገበሬውን ብቻ አይደለም፤ ነጋዴውም በዚሁ ውስጥ ነው።

በዚህ ሥርዓት የአካባቢ ምርጫ ከተደረገባቸው ዓመታት መካከል 2000 ዓ.ም. እና 2005 ዓ.ም. ይገኛሉ። በ2000 ዓ.ም. የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ስለ ተፈቀደ፣ በአገሪቱ በጠቅላላው ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ መቀመጫ ለውድድር ቀርቦ ነበር። ይህን ያህል ሰው በሚመረጥበት ምርጫ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ አቋም መርምሮ ድምፅ መስጠት እንዴት እንደሚቻል ለመገመት አዳጋች ነው፤ በተግባርም መራጩ ድምፅ የሰጠው ለድርጅት እንጂ ለሰው አልነበረም ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባው የነበረው የአካባቢ ምርጫ እንዲራዘም ተወሰነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ ደግሞ ዋነኛ ጉዳዩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ነበሩ። ስለ ሣርና ስለ ማገዶ በቅርብ የሚወስነው ምክር ቤት እንግዲህ መራጩ ለረዥም ጊዜ ያልተጠየቀበት ነው። ይህም ሲጠየቅ ምን መጠየቅ እንደሚገባው አስቀድሞ እንዲያስብ የሚያደርግ ምክንያት ነው።

ከመካነ ሰላም የሚነሣው ዋነኛው ምሳሌ የደንቆሮ ጫካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ቦረና የሚባለው በደቡብ ወሎ የሚገኘው ወረዳ እንጂ በኦሮሚያ ክልል ደቡብ ያለው ቦረና እንዳልሆነ፣ ከሩቅ ሆነው የሚያነቡ አስመጪዎችና ላኪዎች ልብ ይበሉ።) ደንቆሮ በዙሪያው ያለው ደጋ ታርሶ ባለቀበት አገር የቀረ የተፈጥሮ ደን ነው። ከታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ ከዚያም በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ ይገኝበታል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላና ነብር የሚኖሩበት ነው። የአማራ ክልል መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ከሰየመው በኋላ ክልሉ ሰፍቶ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚለውን ስም ይዟል። ስሙ ሦስት አገር መያዙ ብቻ፣ አንድ ወረዳ ብቻውን የሚወስንበት ጉዳይ አለመሆኑን ያስረዳል።

ጫካው ለንግድ ምን ይጠቅማል ቢባል፣ ጎብኚን የሚያስብ ብዙ ነው። የጎብኚ ገቢ መንገድን፣ ማረፊያንና ጸጥታን ስለሚፈልግ በዚህ ደጋ ለጊዜው ሊመካበት የሚገባ አይደለም፤ በተለይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከደረሰው ግጭት በኋላ። ቅርብ የሆነው ጥቅም ሌላ ነው። ከደጋው የሚነሡት ምንጮችና ጅረቶች በዝቅተኛው ቦታ ያለውን ማሳና ከብት ያጠጣሉ፤ ማሩም ከዚያው አበባ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ገበያ የሚወጣው በጤፍ፣ በገብስ፣ በበግና በማር መልክ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ጫካውን ሳያየው ከጫካው ጋር ይነግዳል።

ጠቡ የሚነሣው በግጦሽና በእንጨት ነው። በወሰኑ ላይ የሚኖር ባለአገር ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ማገዶውን የሚለቅምበት፣ ለቤቱ ክዳን ሣር የሚያጭድበት ቦታ ሲከለልበት የሚያጣው ነገር በብር ሊተመን የሚችል ነው። አንድ ተወዳዳሪ «ጥበቃውን እናጠናክራለን» ሲል ይህን ሰው እየከሰሰው መሆኑን፣ ሌላው «ሕዝቡን ከግጦሹ አናፈናቅልም» ሲል ደግሞ ጫካውን ለመጥረቢያ እየተወው ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ያስፈልጋል። ሁለቱም ንግግሮች ለጆሮ ያምራሉ። ሊጠየቁ የሚገባቸው በመካከላቸው ያለው ነገር ነው፤ የተከለለው ሣር ታጭዶ ለወሰንተኛው ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ዘበኛው የሚቀጠረው ከየትኛው ቀበሌ ነው? ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የት ይተከላል? ተክሉስ እስኪደርስ ድረስ ባሉት ዓመታት ባለአገሩ ምን ያነድዳል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አስቦ የሚመልስ ተወዳዳሪ ቢገኝ፣ በሌላው ነገር ቢደክም እንኳ ሊደመጥ የሚገባው ነው።

መልሱ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ ኖሯል። በተመረጠ አለቃ አማካይነት ምድሩ ለጥቂት ዓመታት ያህል ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይከፈት ነበር፤ ያን ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን አጭዶ ይወስዳል፤ ከቀኑ አስቀድሞ የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ የቆመው ባለርስቶቹ ከመዘጋቱ የሚያገኙት ጥቅም ስለ ነበራቸው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ስለ ተሻረ ሥርዓቱም አብሮት ፈረሰ፤ ቆይቶ ግን የአገሬው ሰዎች ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠሉበት። ቀሮ እንከን አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ርስት የሌለው ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም።

በወሎ ደግሞ የተገላቢጦሹ ታይቷል። ከ1965 እና ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ በብዙ ተራሮች ላይ እርከን ተሠራ፤ ዛፍ ተተከለ፤ ተዳፋቱ ተከለለ። ሥራው የተሠራው በአብዛኛው በምግብ ለሥራ ሲሆን፣ ትእዛዙ ግን ከላይ የመጣ ነበር። ባለአገሩ ዛፉ የማን እንደ ሆነ አልተነገረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጠባቂው ሲጠፋ፣ በየቦታው የተተከለው ደን በጥቂት ወራት ተጨፍጭፎ ወደ ገበያ ወጣ። የዚያን ጊዜ አጣና በርካሽ የገዙ ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ርካሹ እንጨት አልተደገመም።

አሁን ወደ ችግኝ ቁጥር እንመለስ፤ የምርጫ ንግግር ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቁጥሩ በሚሊዮንና በቢሊዮን ሆኗል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ዘመቻው ያስገኘው መነቃቃት የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የሚመዘግበው ከላኪው የተጫነውን ሳይሆን ከመጋዘኑ የገባውን ነው። የተተከለው ችግኝ ከሦስት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሟል፣ የቆጠረውስ ማን ነው ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ተወዳዳሪው የራሱን ቀበሌ ቆጠራ በእጁ ይዞ ቢመጣ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ከሚሊዮኑ ይልቅ እምነት የሚጣልበት ይሆናል።

የአፈሩ ነገር ከዛፉ የከበደ ሲሆን በምርጫ ንግግር የሚነሣው ግን በጥቂቱ ነው። በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ደቡብ በማይባር፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የአፈር መሸርሸር የሚለካበት የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በዚህና በሌሎች ጣቢያዎች በተገኘው ልክ ስዊሳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በሠሩት ስሌት፣ ከሚታረስ መሬት በየዓመቱ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል፤ ከከፍተኛው ቦታ ሁሉ የሚታጠበው ሲደመር ወደ 1.5 ቢሊዮን ቶን ይደርሳል። 42 ቶን በነጋዴ ቋንቋ 420 ኩንታል ነው። ሃያ ኩንታል እህል ለማግባት የሚታገል ማሳ፣ ሃያ እጥፉን አፈር በነጻ ወደ ዓባይ ይልካል ማለት ነው። የቦረና ምዕራባዊ ወሰን ዓባይ ነው፤ በሽሎና ወለቃም የሚገቡት ወደዚያው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከታች ስለሚጠብቅ፣ ደለሉ የሚተኛው ከእንግዲህ ሁሉም ኢትዮጵያዊ ባዋጣበት ሐይቅ ውስጥ ነው።

ለመካነ ሰላም ባለሱቅ ግን ግድቡ ከመድረሱ በፊት መዝገቡ ይናገራል። በደጋው ብዙ ዕቃ የሚሸጠው እስከ አዝመራ በሚቆይ ዱቤ ነው። ጨርቁን፣ ዘይቱን፣ ስኳሩንና ቆርቆሮውን የወሰደ ገበሬ የሚከፍለው ከጎተራው ነው፤ አፈሩ የሳሳበት ማሳ ወይም በልግ የቀረበት ዓመት የባለሱቁን ዱቤ ሳይከፈል ያሳድረዋል። ባለሱቁም በተራው ከደሴ ላመጣለት ጅምላ ነጋዴ ይዘገይበታል። ስለዚህ አንድ ተወዳዳሪ ስለ እርከን ሲናገር፣ እርከኑ ከተሠራ በኋላ የሚጠግነው ማን እንደ ሆነና በአዝመራ ማግስት ከብት ወደ ማሳው ይለቀቅ እንደ ሆነ ነጋዴው ቢጠይቅ፣ ስለ ራሱ ዱቤ መጠየቁ ነው። ከብት በልቅ የሚሰማራበት ማሳ ላይ የተሠራ እርከን ሲናድ ብዙ አይቆይም። ልቅ ግጦሽን አስቀራለሁ የሚል ተወዳዳሪ ደግሞ ድምፅ ሊያጣበት የሚችል ቃል ስለ ተናገረ፣ ቢያንስ የሚናገረውን የሚያምንበት መሆኑ ይገመታል።

ስለ ባሕር ዛፍ ያለው ክርክር ረዥም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም ተብሎ ይከሰሳል፤ ክሱም ለእርሻ መሬት ቅርብ ሲሆን እውነትነት አለው። በሌላ በኩል የደጋው ሰው ቤቱን የሚሠራበት፣ ልጁን የሚያስተምርበትና ዕዳውን የሚከፍልበት ዛፍ እርሱ ነው፤ የደንቆሮም ጥድና አስታ እስካሁን የቆየው በከፊል ባሕር ዛፍ ስለ ተካው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይነቀል የሚል ተወዳዳሪ ምትኩን ካላመለከተ ጫካውን በተዘዋዋሪ ያስቆርጣል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የተደረገው ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በዚያ ገበሬዎች አሲዳማ የሆነውን መሬታቸውን ዲከረንስ በሚባል ግራር ሸፍነው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ እያጨዱ፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ከሰል እያከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ሸጡ፤ ተራሮቹም ለመለሙ። በኋላ ግን በዛፉ ላይ ዋግ የመሰለ በሽታ ገብቶ ብዙ አደረቀ። አንድ ሸቀጥ ብቻ በሚያከማች መደብር ላይ የሚደርሰው ያንኑ ይመስላል።

ላኪዎች ይህ ሁሉ የቀበሌ ወሬ ነው ብለው እንዳያልፉት የሚያደርግ ነገር ከውጭ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ቡና፣ እንዲሁም የቀንድ ከብት ቆዳ፣ በገበያው እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚፈጸምበት ቀን ከአንዴም ሁለት ጊዜ ተራዝሟል እንጂ ደንቡ አልተሻረም። የመካነ ሰላም ደጋ ቡና ላኪ አይደለም፤ የከብት ቆዳ ግን ከየገበያው ተሰብስቦ ወደ ቆዳ ፋብሪካዎች ይሄዳል። የበግ ሌጦ በደንቡ አልተካተተም። ከብቱ የትኛው መሬት ላይ እንደ ዋለ መስክር ተብሎ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ፣ ምስክሩን የሚጽፈው የወረዳውና የቀበሌው ሹም ስለሚሆን፣ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው መዝገብ የሚያውቅ መሆን አለመሆኑ ለላኪው ግድ ይለዋል።

ባለሱቆችን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ የፌስታል ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ክልከላው በወረቀት ላይ ቀርቶ ስስ ፌስታል በየገበያው ሲሸጥ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ግን የፕላስቲክ ከረጢትን በጠቅላላው የሚከለክል ሲሆን፣ ቅጣቱም ከአምራቹና ከአስመጪው አልፎ ሻጩንና ተጠቃሚውን ይነካል። በዚህ ጉዳይ ተወዳዳሪዎች ሊጠየቁ የሚገባቸው ሕጉን ትደግፋላችሁ ወይ ተብሎ አይደለም፤ ሕጉ ወጥቷል። በእጃቸው የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው። ስኳርና ምስር በምን ይቋጠራል? በቀድሞው ፋንታ የወረቀት ከረጢት ወይም ዘንቢል የሚሠሩ ማኅበራት በከተማው ሊደራጁ ይችላሉ ወይ? ቁጥጥሩ የሚጀመረው ከትልቁ መጋዘን ነው ወይስ መንገድ ዳር በርበሬ ከምትሸጠው ሴት? እስካሁንስ የተከማቸው ፌስታል በከተማው ዙሪያ ባሉት ፈፋዎች ውስጥ ነው ያለው፤ ከብት እየበላው ይሞታል፤ ጎርፍም ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ጉድጓዱን የሚያስቆፍረው ከማዘጋጃ ቤቱ በጀት ነው ወይስ ከነጋዴው መዋጮ የሚለውን ተወዳዳሪው ከምርጫው በፊት ካልመለሰው፣ ከምርጫው በኋላ መልሱ በደረሰኝ ተጽፎ ወደ ሱቁ ይመጣል።